ጋሽ ሰዲቅ ያልደወሉት ስልክ

ጋሽ ሰዲቅ ስም ከመጥራታቸው በፊት ጉሮሯቸውን ሁለቴ ይጠርጋሉ። "እህ… እህም… አንዋር!" ይላሉ፣ የመጨረሻዋን ፊደል ጎተት አርገው። ድምፃቸውን ከራሳቸው በላይ እኔ እችለዋለሁ። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው ጎን የሰው ስልክ ቻርጅ የማደርግባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ከትምህርት ቤት ከሰባተኛ ነው የተባረርኩት፤ በዳይሬክተሩ ድምፅ፣ በራሱ ማይክ፣ ተማሪውን በሙሉ ወደ ቤቱ ስለላክሁ። ሰፈሩ "ቴፑ" ይለኛል።

ጋሽ ሰዲቅ የውሃ አባት ነበሩ። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈው ቦይ ሠላሳ ሁለት ገበሬ ያጠጣል። ማክሰኞ ጠዋት ማን ነው፣ ከሰዓት ማን ነው፣ ሁሉም በሳቸው ጭንቅላት ነው ያለው። ወረቀት የለም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተራዬ ተበላ ያለ ሰው የለም፤ መስጊድ የሚሄደውም ቤተክርስቲያን የሚሄደውም "ሰዲቅ ካሉ አሉ" ነው የሚለው። የውሃው በር ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ ነበር።

አምና ጥር ላይ ያንን በር ሲከፍቱ ብረቱ ተስፈንጥሮ ግንባራቸውን መታቸው። ለአፍታ ራሳቸውን ሳቱ፣ ተነሱ፣ ውሃ ጠጡ፣ በእግራቸው ቤታቸው ገቡ። ጤና ጣቢያ ሄደው ለምርመራ ደም ሰጡ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ አጥኚዎች ጭንቅላታቸውን ቀለል ያለ ምት የተመቱ ሰዎችን ይፈልጉ ነበር። ከዛ በኋላ ራስ ምታት ያዛቸው፣ ፀሐይ ይረብሻቸው ጀመር፣ አልፎ አልፎ ስም ይጠፋባቸዋል። ተራ ግን አልጠፋባቸውም። አንድም ቀን!

ሚያዝያ ላይ በገበያ ቀን ስልካቸውን ለቻርጅ ሰጡኝና ሶላት ሄዱ። ለምን እንዳረኩት እንጃ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር፣ ድምፁ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ከገበሬዎቹ አንዱ፣ አንዋር ጋ ደወልኩ።

"እህ… እህም… አንዋር! የዛሬው ከሰዓት ያንተ ነው፣ አስገባ።"

እስኪስቅ ጠበቅሁ። ሊሰድበኝ ነው አልኩ። "እሺ ጋሼ" ብሎ ዘጋው። መልሼ ልደውል ስል ሰው መጣ፣ ሌላም መጣ፣ በቃ ረሳሁት። የረሳሁት እኔ ነኝ።

ተራው የእትዬ ደስታ ነበር። ሽንኩርቷን በዋዜማው ነው የተከለችው፤ በኛ አገር ሙቀት አዲስ ችግኝ ውሃ አጥቶ ከዋለ አለቀ። አንዋር ከላይ ቦዩን ቆርጦ ማሳው ውስጥ ለቀቀው። በነጋታው ሰው የውሃው በር ጋ ተሰበሰበ።

"ሌባ!" አለችው እትዬ ደስታ። "የሴት ውሃ ጠጥተህ ትወፍራለህ?"

"ወላሂ አልሰረቅሁም! ራሳቸው ደውለውልኝ ነው። ጋሼ፣ አልደወሉልኝም?"

"አልደወልኩም" አሉ ጋሽ ሰዲቅ።

"ስልክዎን ይክፈቱታ!"

ከፈቱት። የአንዋር ስም አለ። ያቺ አሮጌ ስልክ ባትሪዋ ባለቀ ቁጥር ሰዓቷ ይጠፋል፤ ስንት ሰዓት እንደተደወለ አታሳይም። ጋሽ ሰዲቅ ስልኩን ብዙ አዩት። እኔ እዛው ቆሜያለሁ። አፌን ማንም አልያዘኝም።

"ጭንቅላቴ ነው" አሉ። ክሩን ከአንገታቸው አወጡና ቁልፉን አንዋር እጅ ላይ አስቀመጡ። "ውሃ በማያስታውስ ሰው እጅ አይቀመጥም።"

ዘንድሮ ጥር ላይ ደግመው ደም ሰጡ፤ ለውጤቱ ሲጠሩ ሱቄ መጡ። "አንተ የሰው ቃል አትስትም፣ ነርሷ የምትለኝን ያዝልኝ" አሉኝ። እኔን!

ነርሷ ቅድስት ትባላለች። "አንጎል ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ነገር አለ" አለች። "የተመቱ ሰሞን ከፍ ብሎ ነበር። አሁን ወርዷል፤ ካልተመቱት እኩዮችዎ አይለይም። ጥናቱ ግን አላለቀም፣ ደሙ ብቻውን አይፈርድም። እስቲ ምን ይረሳሉ?"

"ራስ ምታቱ ቀርቷል፣ አልሐምዱሊላህ። ስም መርሳቱም ተሽሎኛል። ግን ልጄ፣ ደሜ ዋሽቷል። ሰው ጋ ደውዬ፣ የሰው ውሃ ለሌላ ሰጥቼ፣ አንዲት ቃል አላስታውስም።"

ጻፈችው። የኔን ቀልድ የሳቸው በሽታ ብላ ጻፈችው፤ እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ።

ስንወጣ "በላ፣ ምን አለች?" አሉኝ። በራሷ ድምፅ አንድ ሳላስቀር አልኩላቸው። ሳቁ። "እኔስ ምን አልኩ?"

ጉሮሮዬን ሁለቴ ጠረግሁ። የወጣው ሌላ ነው። "እህ… እህም… አንዋር! የዛሬው ከሰዓት ያንተ ነው፣ አስገባ።"

ቆሙ።

"እኔ ነኝ ጋሼ። ስልክዎ ቻርጅ ላይ እያለ እኔ ነኝ የደወልኩት። አውፍ ይበሉኝ።"

ፊቴን አዩት። እንዲሰድቡኝ ፈለግሁ። በጥፊ ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"አብሽር" አሉና ትከሻዬን ያዙ። "ልታጽናናኝ ነው፣ አውቃለሁ።"

"ወላሂ እኔ ነኝ!"

"ተው፣ አትማል። አሁን እኮ ትዝ ይለኛል። በሩ ጋ ያለችው ማንጎ ሥር ቁጭ ብዬ ነው የደወልኩት። ንፋስ ነበረ።"

በነጋታው ቅድስት ጋ ሄጄ ነገርኳት፤ ድምፁን ሳሰማት ከጻፈችው ላይ ሰረዘችው። አንዋር ጋም ሄድኩ። ደንግጦ ቁልፉን ይዞ ቤታቸው ድረስ ሄደ፤ አልቀበልም አሉት። "ልጁ አዝኖልኝ ነው" አሉት።

አሁንም ስልካቸውን የሚያመጡት እኔ ጋ ነው። ከመስጠታቸው በፊት ግን ያቆሙኛል።

"ቴፑ፣ ትናንት ማን ጋ ነው የደወልኩት? እይልኝ።"

አያለሁ። "ማንም ጋ አልደወሉም ጋሼ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"እስቲ ደግመህ እይልኝ" ይላሉ።