ከበደ የሚባለው ጎመን

ልጅ ሳለሁ፣ ካራ ያለው ጓሯችን በዘመድ የተሞላ ይመስለኝ ነበር። የእያንዳንዱን አትክልት ዘር ወደ ቤታችን ያመጣው ሰው ስሙን ያወርሰው ስለነበር፣ ቅጠለ ሰፊው ጎመን «ደብሪቱ»፣ ዱባው «አያ ሞላ» ይባሉ ነበር። ማታ ማታ የአባቴ አክስት እትዬ በለጡ በኩራዝ ብርሃን ዘር እየለቀሙ ታሪካቸውን ያወሩልናል፤ ደብሪቱ ዘሩን በሹሩባዋ ደብቃ ከአማቷ ቤት እንዴት እንደኮበለለች፣ አያ ሞላ ዱባውን ታቅፎ የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርድ ጅብ እንዴት እንደሸኘው። የምድጃው ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው እንስቅ ነበር። ግንዱ ወይን ጠጅ የሆነው ጎመን ደግሞ «ከበደ» ነበር፤ አባቴ።

ያኔ ዘመኑ የደርግ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ጥበቃዎች አባቴን ወሰዱት። «ለጥያቄ ነው፤ ይመለሳል» ተባልን። ከወራት በኋላ ሌላው ጎመን ሁሉ ሲቆረጥ፣ ከበደ ብቻ ሳይነካ ቆይቶ ቢጫ አበባ አውጥቶ አየሁት። ክው አልኩ። በቤታችን ልማድ ባለስሙ ሲሞት ጎመኑ ዘር እስኪሰጥ አይቆረጥም። እትዬ መሞቱን ከማን እንደሰሙ አላውቅም፤ ደርግ ለገደለው ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። የአባቴን ሞት ያረዳኝ ጎመን ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጎረቤታችን ስለነበር ልማዳችንን ያውቃል። በዚያው ሳምንት በአጥሩ በኩል ብቅ አለ።

«እትዬ በለጡ፣ ጎመንዎ አብቧል እኮ! ሠርግ አለብዎት እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ወይስ ሰው ሞተብዎት?»

«ማን ይሞትብኛል ጓድ ሊቀመንበር? ጉልበት አጥቼ ነው።»

«እንግዲያስ ይቁረጡታ! እኔ እያየሁ።»

ታላቅ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እትዬ ቀና ብለው እሱን አዩት፤ ቀጥሎ የሚወሰደው ማን እንደሆነ ገባቸው። ቢላዋ አምጥተው ከበደን ከሥሩ ቆረጡት። ከእሱ ዘር ሌላ ያስቀመጥነው አልነበረንም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ዕፅዋት ብዙ ተማርኩ፤ ያን ወይን ጠጅ ግንድ ግን በየትም ማሳ አላየሁትም። ሊቀመንበሩ አርጅቶ ጉርድ ሾላ ፀሐይ ሲሞቅ አየዋለሁ። ሰላም ይለኛል፤ አልመልስለትም። እሱን መጥላት ቀላል ነው። የሚከብደኝ የዚያን ዕለት እራት ነው፤ ጎመኑን መጣል ስለሚያስጠረጥር እትዬ ቀቅለው አቀረቡልን። እያወቅሁ በላሁ። ርቦኝ ስለነበር ጣፈጠኝ፤ ጨምሩልኝም አልኩ።