ገለባ የሌለው ሩዝ

ሴትዮዋ በጋምቢያ ዋና ከተማ በባንጁል ገበያ የምትሸጠው ሩዝ ተፈትጎና ተበጥሮ በመርከብ የመጣ ነው። እሷ ግን ሳትሰፍር በፊት በሰፌድ ታበጥረዋለች። የሚበን ገለባ የለም፤ እጇ ግን የማሳውን ልማድ አልረሳም። ማሳዋን የባሕር ጨው ከበላው ቆይቷል።

ደንበኛዋ ንጎር፣ በአገሩ ወግ የእሷን የጆላዎችን ጎሣ መተረብ የተፈቀደለት የሴሬር ጎሣ ሰው፣ እንደ ሁልጊዜው ጀመራት።

«እናንተ ጆላዎች እኮ ሩዙ ቢያልቅ መርከቡን ትበላላችሁ!»

«አንተ ሆዳም፣ መልሕቁን እተውልሃለሁ።»

ሳቀና ከእግሯ ሥር የማትለየውን ቅርጫት አየ። «የአገር ሩዝ አይደል? ከዚህ ስፈሪልኝ።»

ቅርጫቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

«የመጨረሻው አዝመራዬ ነው። ስሞት ለቀባሪ ይቀቀላል። በመርከብ ሩዝስ አልሸኝም።»

ንጎር ቅርጫቱን ደግሞ አየው። ለሦስት ቀባሪ እንኳ አይበቃም። «እሺ፣ ከመርከቡ ስፈሪልኝ» ብሎ ከረጢቱን ዘረጋ።