ባሌ ስትራይክ የመታ ዕለት

ለሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን የተላኩት የፋብሪካችን መካኒኮች ሬዲዮና ካፖርት ይዘው ሲመለሱ፣ የኔው ባል ቦውሊንግ የሚሉትን ጨዋታ ይዞ መጣ። ኳሷን ከዋንዛ ጠርቦ፣ ጠርሙስ የሚመስሉ ዐሥር እንጨቶች በቶርኖ ማሽን አስወጥቶ፣ በሠራተኞች ክበብ አዳራሽ መጫወቻ አበጀ። ከዚያ ቋንቋውን ያስተምረን ጀመር። ዐሥሩንም ባንድ ውርወራ መጣል ስትራይክ፣ የቀረውን በሁለተኛው መጨረስ ስፔር፣ ኳሷ ዳር ካለው ቦይ ስትገባ ጋተር። እኛ ስፔር ብለን የምናውቀው ለማሽን ታዝዞ የማይመጣውን ዕቃ ነበር።

አስተማሪው ራሱ ግን ከጋተር ወጥቶ አያውቅም። አንድ ቅዳሜ፣ ምን እንደረዳው እንጃ፣ ዐሥሩንም ጣላቸው። እንደ ሕፃን እየዘለለ «ስትራይክ መታሁ!» ሲል፣ የፋብሪካው ካድሬ በሩ ላይ ቆሟል። ካድሬው ከእንግሊዝኛ ይህችን ቃል ያውቃታል፤ የሥራ ማቆም አድማ ማለት ናት። በአማርኛችን ደግሞ አድማም የሚመታ ነገር ነው።

«ማን ነው አድማ የመታ?»

«እኔ ነኝ ጓድ» አለ ባሌ፣ ጥርሱ እንዳልተከደነ።

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን ነው። ሌሎቹም ግን እየለመዱ ነው።»

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሁ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል ሄዶ የቀረ ሰው አውቃለሁ። መሐላቸው ገባሁ።

«ጨዋታ ነው ጓድ፣ የእንጨት ጨዋታ» አልሁ።

«እንግዲያስ ይምታና ልይ።»

ባሌ ወረወረ። ኳሷ ቦይ ገባች። «ጋተር» ብሎ አጉረመረመ።

«ይኸኛውስ የማን ስም ነው?» አለ ካድሬው።

ደግሞ ወረወረ፤ ደግሞ ቦይ። በሦስተኛው አንዲት እንጨት ወደቀች፤ እሷም እያመነታች። የካድሬው ፊት እየጠቆረ ሲሄድ ጨነቀኝና «እስቲ እርስዎ ይሞክሩት» አልሁት።

ኮፍያውን አውልቆ፣ ኳሷን በንዴት ለቀቃት። ዐሥሩም ተንኮታኮቱ።

«ስትራይክ መታሁ!» አለ ካድሬው።

የተናገረው ለራሱ ጆሮ የደረሰው ካፉ ከወጣ በኋላ ይመስለኛል፤ ዞር ብሎ በሩን አየ። የፋብሪካው ዘበኛ ቆሞ ያየዋል። ካድሬው ኮፍያውን ደፋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ዐሥሩንም መጣል ‹ጥርግ› ነው የሚባል» አለ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

የባሌን ክንድ ይዤ ወደ ቤታችን ወደ ዓባይ ማዶ ገሠገሥሁ። ከምን እንዳመለጠ አልገባውም። ድልድዩ መሐል ስንደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«መስመር ረግጦ እኮ ነው የወረወረ» አለኝ። «ፋውል ነው፣ አይቆጠርለትም። ልመለስና ልንገረው።»

ቤት ገብተን በሩን እስክቀረቅር ድረስ ክንዱን አልለቀቅሁም።