የጠራው ጠበል

ዛሬ ወለል ሳጥብ የበረኪናው ሽታ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ጎንደር፣ አንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ውስጥ በበጎ ፈቃድ ማገልገል የጀመርኩበትን ቀን አመጣብኝ።

ነጭ ጋውን ስላለበሱኝ ብቻ ሐኪም የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ራስጌ በፕላስቲክ ጠርሙስ የተቀመጠ ድፍርስ ውሃ ሳይ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ወስጄ ደፋሁት።

«ጠበሌን ምነው ደፋሽው?» አለች ልጅቷ። «እማ ካምባ ጊዮርጊስ ይዛው የመጣችው እኮ ነው።»

ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ጠርሙሱን ከቧንቧ ሞልቼ መለስኩት። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አልኳት።

እናትየው ልብስ አጥባ ስትመለስ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። «ምነው ዛሬስ ጠራ?» አለች። ልጅቷ እኔን አየች፤ እኔ ወለሉን አየሁ። እናትየው ሁለታችንንም አየችና በክዳኑ ቀድታ ዘረጋችልኝ።

«እንቺ ልጄ፣ ቅመሺ። እግዜር ይማርሽ።»

«እኔ እኮ አላመመኝም።»

«ግድ የለም፣ ይማርሽ።»

ጠጣሁት። ለልጇ ግን አንዲት ጠብታ አልሰጠቻትም።

ያኔ «ይማርሽ» ለታመመ ሰው ብቻ የሚባል ይመስለኝ ነበር። አሁን መወልወያውን ይዤ ቆሜ ፊቴ ይቃጠላል።