ለክብር እንግዳው ጆሮ የመጣ ሽጉጥ

ባዳቾ ኤርሳዶ በሶዶ የተማሪዎች ሩጫ ላይ ሽጉጥ ሲተኩስ የኖረ ሰው ነው። ማንንም አልገደለም፤ ሽጉጡ የሩጫ ማስጀመሪያ፣ ጥይቱም እርሳስ የሌለው፣ ድምፅ ብቻ ነው። ሳይናደድ የዋለበት ቀን ግን የለም። ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር ነው፤ ከተኩሱ በፊት አፈትልኮ የሮጠ ልጅ ላይ ሲጮህ ሁምቦ ያሉ በሬዎች ሳይቀሩ ወደ መነሻው መስመር ይመለሳሉ ይባላል።

የድሮው ሽጉጡ ባለ ስድስት ሚሊ ነበር። እጅ አያነዝር፣ ጆሮ አይበሳ፤ «ጧ» ብሎ ሥራውን ይጨርሳል። ጥይቱንም እየመረጠ፣ ባሩዱ አነስ ያለውን ነው የሚያጎርሰው። በወጣትነቱ ትልቅ ጥይት ቀኝ ጆሮውን ስለወሰደበት በዚህ ምርጫ አይቀልድም። ሚስቱ ሚርያም ስትቆጣው ቀኙን፣ ለምሳ ስትጠራው ግራውን ያዞርላታል። ዱቦ ሆስፒታል ያየው ሐኪም «ግራውን ጠብቀው፣ ሌላ የለህም» ብሎታል።

ዘንድሮ የውድድሩ ኮሚቴ ባለ ዘጠኝ ሚሊ አመጣ። አምና የክብር እንግዳው ስልክ ሲያወሩ ተኩሱን አልሰሙም፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሰብሳቢው ይልቃል አዲሱን ሽጉጥ እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልሎ መጣ። ሲሞከር ወደ ቤሌ የሚሄደው አውቶቡስ ጎማዬ ፈነዳ ብሎ ቆመ። ባዳቾ እጁ እስከ ትከሻው ነዘረው።

«ጋሽ ባዳቾ፣ ጆሮዎ ላይ ጥጥ ይክተቱበታ» አለ ይልቃል።

«ጥጥ ከትቼ የዳኛውን ፊሽካ በአፍንጫዬ ልስማው?»

«እንግዳው መስማት አለባቸዋ።»

«እንግዳው ሊሮጡ ነው እንዴ? የሚሮጡት አጠገቤ ናቸው። ስድስቱ ይበቃቸዋል።»

«ካልቻሉ ሌላ አስጀማሪ እንፈልጋለን።»

የባዳቾ ግንባር ሽሮ ያፈላ ነበር። ሽጉጡንም ጆሮውንም የሚያስረክብ ሰው አይደለም።

«ፕሮግራሙ ላይ ‹ውድድሩን የክብር እንግዳው ያስጀምራሉ› ብላችሁ የለ? በአፍ ነው በእጅ?»

ይልቃል እንግዳው ሽጉጥ ይዘው የሚነሱት ፎቶ ታየውና ደስ አለው።

ቅዳሜ እንግዳው ከነሱፋቸው ወደ መስመሩ ወረዱ። ባዳቾ ሽጉጡን ሰጥቷቸው፣ «ክንድዎን ወደ ላይ ይዘርጉ፤ በሌላው እጅዎ ጆሮዎን ይሸፍኑ» አለ። ሌላው እጃቸው ስልክ ይዟል። ተኮሱ። ስልኩ ውስጥ የነበረው ሰው ሳይቀር ደነገጠ። ወንዶቹ ልጆች ሮጡ፤ እንግዳው የእጃቸውን አንጓ ጨብጠው ላነጋገራቸው ሁሉ «አቤት?» ይሉ ጀመር። ንግግራቸውን ያሰሙት እየጮሁ ስለነበር ዳሞታ ተራራ ስለ ስፖርት ጥቅም በቂ ግንዛቤ ጨብጧል።

ኮሚቴው እዚያው ቆሞ ተሰበሰበ። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወሰነ፤ ባለ ስድስቱ ይመለስ። ይልቃል ራሱ ሮጦ አመጣው።

«አሁን ደስ አለዎት አይደል?»

«ምኑ ነው ደስ የሚለው? የኔ ጆሮ ስንት ዓመት ሙሉ ሲጮህ ወንበር ስቦ የተቀመጠ የለም። የሳቸው አንዴ ጮኸና ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሂድ ከፊቴ።»

ለስላሳዋን ጥይት አጎረሰ፤ ክንዱን አነሳ። ጧ። ልጃገረዶቹ ከመስመሩ ተፈተለኩ።

እንግዳው መድረክ ላይ ስልካቸውን ወደ ደህናው ጆሮ አዙረው፣ «የሴቶቹ ገና አልተጀመረም» እያሉ ነበር።