የአቶ ገበያው የእንግሊዝኛ ክፍል

ገበያው እንግሊዝኛን እንደ ደመኛ ይጠላል። ይጥላው እንጂ ያውቀዋል፤ ጎንደር ውስጥ አሥር ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሯል። እንደ ፈረንጆቹ በ1984 እስራኤል ሲገባ የመምህርነት ወረቀቱን ዞር ብሎ ያየለት ስላልነበረ፣ ሃያ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሲያሽግ ኖሮ ወገቡ ሲከዳው ጡረታ ወጣ። እንዲህ የተገፋ ሰው ደግ ሆኖ አይቀርም፤ እሱም አልቀረም።

በ2006 ሐዴራ ከተማ ጊቫት ኦልጋ ያለው የሠፈር ማዕከል ለማጠናቀቂያ ፈተና የሚዘጋጁ አሥር ልጆች ሰጠው። ዳግመኛ መምህር ተባለ። ይህን ስም ለመንጠቅ የሚመጣ ቢኖር ይነክሰው ነበር።

«ጆሯችሁ ሌባ ነው!» ይላል ሰሌዳውን እየደበደበ። «በአማርኛ የሰማኸውን ትጽፋለህ። የእንግሊዝ ግን አፉ ሌላ፣ እጁ ሌላ! ‹ዌንስዴይ› ሲል መሃል ያለችውን ዲ ይውጣታል፤ እናንተም ትጥሏታላችሁ። ‹ሴፐሬት› ሲል መሃል ያለችው ኤ ትደበዝዛለች፤ ጆሯችሁ ኢ ናት ይላችኋል። ውሸት!» መድኃኒቱ እንደ ተጻፈው መጮህ ነው። «ዌድ-ኔስ-ዳይ! ሴ-ፓ-ራ-ቴ!» እያሉ ልጆቹ ሲጮሁ የጎረቤት ክፍሎች በራቸውን ይዘጋሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ይሻይ የሚባል ተማሪ እጁን አወጣና በዕብራይስጥ «ታዒታ» አለው፤ ተሳስተሃል ማለቱ ነው። ዕብራይስጥ አንቱታ አያውቅም። ልጁ ልክ ነበር፤ ገበያው የሰማው ግን መደፈሩን ብቻ ነው። አባረረው። እናቱ ዘቢደር እየጎተተች አምጥታ ይቅርታ አስጠየቀችውና «ዝም አይነቅዝም ልጄ» አለችው። ከዚያ ወዲህ የሚያርመው ጠፋ። ገበያው ይህን አክብሮት ነው ብሎ ኮራ።

የማዕከሉ አስተባባሪ ኒሊ እዚያው ሐዴራ የተወለደች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ክፍሉን ፈቃድ ላላት መምህርት መስጠት ፈልጋለች።

«አቶ ገበያው፣ ቴዑዳ የለዎትም» አለችው፤ የማስተማር ፈቃድ ማለቷ ነው።

«ወረቀቴን አንቺ ሳትወለጂ ነው የያዝኩት!»

በመጨረሻ አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጣ እንድታይ ተስማሙ። ካልወደደችው ክፍሉ ይወሰዳል።

ሐሙስ መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። ገበያው ሰሌዳው ላይ አሥር ቃላት ጻፈ። «ሴፐሬት» ላይ ሲደርስ የገዛ ጆሮው ቀደመውና በኤ ፋንታ ኢ አስቀመጠ። ልጆቹ አዩ፤ ትንፍሽ ሳይሉ እንዳለ ገለበጡት።

ኒሊ ደብተሮቹን ሰብስባ አገላበጠች። «አሥሩም አንድ ስህተት። ሰሌዳው ላይም አለ።»

ገበያው ዞሮ አየና ደሙ ፈላ። የተቆጣው ግን በልጆቹ ነው። «ደደቦች! ሃምሳ ጊዜ ያስተማርኩትን! ስህተት መሆኑን ያወቀ የለም?»

አንገታቸውን እንደ ደፉ አሥሩም እጃቸውን አወጡ።

«ታዲያ አፋችሁን ምን ዘጋው?»

ሙኒት፣ የክፍሉ ጎበዝ፣ ብድግ አለች። «እንዴት ጋሼ፣ እርስዎን በእንግዳ ፊት?» ከልቧ ነበር፤ ያዳነችው መስሏታል።

ኒሊ ደብተሮቹን አስቀመጠች። «ከእሑድ ጀምሮ ፈቃድ ያላት ሞራ፣ መምህርት፣ ትመጣለች። ቤሴዴር? እሺ?»

ገበያው ሊሰድባት አፉን ከፈተና መልሶ ወደ ልጆቹ ዞረ። ክፍሉን የቀማው ኒሊ ሳትሆን ያ የኮራበት ዝምታ እንደሆነ ገብቶታል፤ ያም አንገበገበው።

«ውጡ!» ብሎ ልጆቹ ላይ ጮኸ። «ውጡልኝ!»

አሥሩም ብድግ ብለው ቆሙ እንጂ አንድም አልተራመደም። ታላቅ ሳይወጣ ታናሽ አይወጣም። ገበያው ጠበቃቸው፤ እነሱም ጠበቁት። በመጨረሻ ጎንበስ ባሉት ልጆች መሃል አልፎ፣ ከገዛ ክፍሉ ቀድሞ የወጣው እሱ ሆነ።