ያስተማርኳት ዕድሜ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ለነበርን ሐበሾች ፈረንሳይኛ ማለት እኔ ነበርኩ። ጉራዬን አይደለም፤ ቀድሜ ስለመጣሁ ነው። ሰው ቤት ልትቀጠር የመጣች ልጅ ሁሉ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ትመጣለች። «ቦንዡር» አስጠናታለሁ፣ «ዊ፣ ማዳም» አስጠናታለሁ፣ መጨረሻ ላይ «ዲዝ ዊት አን»። አሥራ ስምንት ዓመት ማለት ነው። ከዚያ በታች ነኝ ካለች የሚቀጥራት አታገኝም።

ከእነሱ አንዷ ስትመጣ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። «ዊት» የምትለው አልወጣ ስትላት፣ ምላስሽን ማን አሰረው እያልኩ ስቄባታለሁ። የተሳካላት ቀን አጨበጨብኩላት። እኔን አፈር ይብላኝ።

ሰው ቤት በተቀጠረች በአምስተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት በባዶ እግሯ ሸሽታ መጣች። የቤቱ ጌታ ያደረጋትን ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም።

ልጆችን እንዲህ የሚያደርግ ሰው ላይ ሕጉ መጥበቁን በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። ከአሥራ ስምንት በታች ከሆነች፣ ፈቅዳለች አልፈቀደችም ብሎ ነገር የለም ተብሏል። ለእሷ የወጣ ሕግ ነው ብዬ እጇን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አይዞሽ፣ አትፍሪ፣ የሆነውን ሁሉ ተናገሪ እያልኩ መከርኳት። ዕድሜዋ ግን ትዝም አላለኝ።

መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውሃ ሰጣት። ከዚያ እሷኑ እያየ ዕድሜዋን ጠየቀ። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

«ዲዝ ዊት አን።»

ጥርት አድርጋ ነው ያለችው። ጻፈው።

ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት ብዬ ለመንኩት። የልደት ወረቀቷን አምጪ አለኝ። ድንበር በእግሯ ያቋረጠች ልጅ ወረቀት ከየት ታመጣለች? አዋቂ ከሆነች ደግሞ አለመፍቀዷን ታስረዳ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሕግ ያወጡት ሰዎች ብዙ አስበዋል፤ ዕድሜዋን እንድትዋሽ የተማረች ልጅ ግን አላሰቡም። እኔስ መች አሰብኩ! ሕጉ ለልጅ ነው፣ ልጅነቷን የወሰድኩባት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስንወጣ እጄን ሳብ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ዛሬ በደንብ አልኩት አይደል?»

«በደንብ ነው ያልሽው፣ ልጄ» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?